የጭላዳው ደረት

«መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» ይባላል። ይህን ተረት ስንት ጊዜ እንደተረትኩት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ደመወዝ ሲዘገይ ተርቼዋለሁ፤ የቤት ኪራይ ሲጨምር ተርቼዋለሁ፤ ስብሰባ ላይ ዋናው ጉዳይ ተረስቶ ስለ አበል ሲወራ ደግሞ ጎረቤቴን እየጎሸምኩ ተርቼዋለሁ። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመንም ስለ ተረትና ምሳሌ የማነሳ ቀን እንቅልፋም ተማሪ የማነቃው በሷ ነበር። አንድም ቀን ግን «ለመሆኑ ዝንጀሮ ከአካሏ ሁሉ መርጣ መቀመጫዬን ያለችው ለምንድን ነው?» ብዬ ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ለካስ ምክንያት አላት! ዝንጀሮም ሆነች ጦጣ፣ ጭላዳም ሆነ ጉሬዛ መቀመጫቸው ላይ ጠጉር የማይበቅልበት፣ ከሥሩ ካለው አጥንት ጋር የተጣበቀ ደንዳና ቆዳ አላቸው። ገደል ላይ ወይም ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ሌሊቱን የሚገፉት በእሱ ነው። እኛ ፍራሽ እንገዛለን፤ እነሱ ፍራሻቸውን ይዘው ይወለዳሉ። ተረቱን መጀመሪያ የተናገረው ሰው ቀልደኛ ብቻ ሳይሆን ዓይኑም የማይስት ነበር ማለት ነው።

ይህን ያወቅሁት በሃምሳዎቹ ዕድሜዬ ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ሰው አይደለሁም። ስለ ዝንጀሮ እንዳነብ ያደረገኝ የዕውቀት ጥማት ቢሆን ደስ ባለኝ። ያስነበበኝ ግን የቆየ ዕዳ ነው።

ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለን ከገጠር የመጣ አንድ ልጅ ከእኛ ጋር ተመደበ። ዝምተኛ ነው፤ በሂሳብ ግን ማንም አይደርስበትም። አንድ ቅዳሜ በሬሳ ወንዝ ልንዋኝ ወረድን። ሁላችንም ልብሳችንን ስናወልቅ እሱ ሸሚዙን አላወልቅም አለ። ልጅ ደግሞ «አይሆንም» ሲሉት ይብስበታል። ያዝነውና አወለቅነው። ደረቱ ላይ ሕፃን ሳለ ምድጃ ውስጥ ወድቆ የተቃጠለው ጠባሳ ነበር፤ ሰፊ፣ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ። ሁላችንም ዝም አልን። ዝምታው ውስጥ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ምናልባት አንዳችን ሸሚዙን አንስተን እናቀብለው ነበር። እኔ ግን በዚያው ክረምት ከአጎቴ ጋር ጣርማ በር ላይ ስናልፍ ጭላዳ አይቼ ነበርና «ጭላዳው!» አልኩ።

ሳቁ ወንዙን ተሻገረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ጭላዳው ሆነ። ሰኞ ክፍሉ በሙሉ፣ በወሩ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያንን ስም ያዘ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጽፌያለሁ፤ የዚያን ያህል በፍጥነት የተሰራጨ፣ የዚያን ያህል ዕድሜ ያገኘ ሥራ ግን የለኝም። የመጀመሪያው የተሳካ ድርሰቴ ስድብ ነበር።

ባለፈው ዓመት የአንድ የልጅነት ጓደኛችን አባት አርፈው ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ አንዱ ከወዲያ ጥግ «ጭላዳው! ወንበር ና ያዝ» ብሎ ተጣራ። ጸጉሩ የሸበተ፣ ኮቱን በሥርዓት የቆለፈ ሰው ዞር አለና «አቤት» አለ። ሳይቆጣ፣ ሳያፍር፣ ልክ ክርስትና ስሙ እንደሆነ ሁሉ። አርባ ዓመት አለፈው! ሰውየው ተምሯል፣ አግብቷል፣ ወልዷል፤ እኔ በአንድ ሴኮንድ ያወጣሁለት ስም ግን አብሮት አርጅቷል። ሰላምታ ተለዋውጠን ዝም ብዬ ወጣሁ። ዕዳዬን አልከፈልኩም። ቤቴ ገብቼ ግን ስለ ጭላዳ ማንበብ ጀመርኩ። የሰደብኩበትን ነገር ምንነት እንኳ አላውቅም ነበርና።

እንግዲህ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ።

ሳይንቲስቶች ሰውን፣ ዝንጀሮን፣ ጦጣንና ዘመዶቻቸውን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስበው ፕራይሜት ይሏቸዋል። «ቀዳሚዎቹ» እንደ ማለት ነው። ከአምስት መቶ በላይ ዝርያዎች አሉ። መለያው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአፍንጫ ነው። እንደ ማዳጋስካሮቹ ሌሙሮች ያሉት አፍንጫቸው እንደ ውሻ እርጥብ ነው፤ የቀሩት አፍንጫቸው ደረቅ ነው። ከደረቆቹ መካከል የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ ጦጣዎች የአፍንጫቸው ቀዳዳ ወደ ጎን ይከፈታል፤ አንዳንዶቹም ጅራታቸውን እንደ አምስተኛ እጅ ቅርንጫፍ ይይዙበታል። የአፍሪካና የእስያዎቹ ግን ቀዳዳው ወደ ታች ነው። መስተዋት ፊት ቁሙና የራሳችሁን እዩት፤ ወደ ታች ነው። ጥርሳችንን ብትቆጥሩም ከእነሱ ጋር ነን። ከእነዚህ ውስጥ ደግሞ ጅራት የሌላቸው አሉ፤ ጊበን፣ ኦራንጉታን፣ ጎሪላ፣ ቺምፓንዚ፣ ቦኖቦ እና ይህን ጽሑፍ የምታነቡት እናንተ።

የእኛ አገር በዚህ በኩል ሀብታም ናት። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ አገራችንን ዞሮ ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1835 ሁለት እንስሳት ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀ። አንዱን «ጉሬዛ»፣ ሌላውን «ጭላዳ» ብሎ በአገራችን ስማቸው መዘገባቸው። ዛሬ የትኛውም አገር የሚገኝ ተመራማሪ እነዚህን እንስሳት ሲጽፍ ሳያውቀው የእኛን ቃል ይጽፋል። የጉሬዛ የወገን ስም «ኮሎበስ» ግን ከግሪክ የመጣ ሆኖ «ቆራጣ» እንደ ማለት ነው። የእጁ አውራ ጣት የለም ለማለት ያህል ትንሽ ናትና። ለጉሬዛ ግን ጉድለት አይደለም፤ ቀሪዎቹ አራት ጣቶች እንደ ሜንጦ ሆነው ከዛፍ ዛፍ ያሻግሩታል። ሳይንስም አንዳንዴ እንደ እኔ የሌለውን አይቶ ስም ያወጣል ማለት ነው።

ጭላዳስ? ጭላዳ ሰው እንደሚያስበው ማንኛውም ዝንጀሮ አይደለም። የራሱ ወገን አለው፤ ከዚያ ወገን ደግሞ በምድር ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነው። የጠፉት ዘመዶቹ አጥንት ከደቡብ አፍሪካ እስከ ስፔን፣ እስከ ሕንድ ተገኝቷል። እሱ ግን በኢትዮጵያ ደጋ ገደሎች ላይ ተረፈ። ከፕራይሜቶች ሁሉ በዋናነት ሣር ግጦ የሚኖረው እሱ ነው። ቁጭ ብሎ፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ፣ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ገጥሞ ሣሩን አንድ በአንድ እንደ ጎበዝ ጎልጓይ ይነቅላል።

ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ገላ የመጣውም ከዚሁ ኑሮ ጋር እንደሆነ ይታሰባል። ሌሎች ዝንጀሮዎች ስለ ራሳቸው ለሌላው የሚናገሩት በመቀመጫቸው ቀለም ነው። ጭላዳ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ስለሚውል መልእክቱን ወደ ደረቱ አመጣው። ወንዱም ሴቷም አላቸው። ቤተሰብ የሚመራው ወንድ ደረቱ ከሌሎቹ ይልቅ ይቀላል። ፈረንጆች ይህን አይተው «ልቡ የሚደማው» ይሉታል። እንግዲህ እኔ ለማዋረድ ያነሳሁት ምልክት በባለቤቱ ዘንድ የማዕረግ ምልክት ነበር።

ይህን ሳነብ ተጽናናሁ ብላችሁ እንዳታስቡ። ጭላዳ የተከበረ እንስሳ መሆኑ የእኔን ስድብ ምርቃት አያደርገውም። ጥያቄው ከዚህ ይጠልቃል። ዘመዳችን ከሆነ፣ አፍንጫችንም ጥርሳችንም ከእሱ ጋር ከሆነ፣ «ዝንጀሮ» መባል የሚያመን ለምንድን ነው? የሰው ክብር ያለው ከዝንጀሮ በመለየቱ ውስጥ ነው እንዴ?

በዚህ ጥያቄ የተቸገርኩት የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም። ፍጥረትን ሁሉ ስምና መደብ የሰጠው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ባሳተመው መጽሐፉ ሰውን ከጦጣ፣ ከሌሙርና ከሌሊት ወፍ ጋር በአንድ መደብ አስገባው። ከዚያ በፊት በ1747 ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሰውን ከጦጣ የሚለይ አንድ የተፈጥሮ ምልክት ፈልጎ እንዳጣ፣ ካለም እንዲነግሩት ጠይቋል። በመጽሐፉ ለሌሎቹ ፍጥረታት ጥርሳቸውን፣ ጡታቸውን፣ ጥፍራቸውን መለያ አድርጎ ሲጽፍ፣ ሰው ጋ ሲደርስ ግን አካላዊ መለያ አልጻፈም። ሰው ራሱን እንዲያውቅ የሚያዝዘውን የጥንት ምክር አስቀመጠ። እንደ ሥነ ጽሑፍ ሰው ይህችን ቦታ ሳነብ ባርኔጣዬን አነሳሁለት። ሰውን ሰው የሚያደርገው ያለው ነገር ሳይሆን የተሰጠው የቤት ሥራ ነው ማለቱ ነዋ!

ባርኔጣዬን ግን መልሼ ለማድረግ ጊዜ አልፈጀብኝም። ይኸው ሰውዬ እዚያው መጽሐፍ ላይ ሰውን በቀለምና በአህጉር አራት ቦታ ከፈለና፣ አውሮፓዊው በሥርዓት እንደሚመራ፣ አፍሪካዊው በዘፈቀደ እንደሚመራ ጻፈ። ራሱን እንዲያውቅ የታዘዘው ሰው ገጽ ሳይገለጥ ሌላውን አወቅሁ አለ። የመደብ ነገር እንዲህ ነው። ለማወቅ ይጀመራል፤ ካልተጠነቀቁበት ለመናቅ ያገለግላል።

የሚናቅ ሰው ሲፈለግ ደግሞ መስመሩ ላይ የሚገኝ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1906 ኒውዮርክ በሚገኘው የብሮንክስ የእንስሳት ማቆያ ኦታ ቤንጋ የሚባል የኮንጎ ሰው በጦጣዎች ቤት ውስጥ ከኦራንጉታን ጋር ለትዕይንት ቀረበ። ሕዝቡ እየጎረፈ ተመለከተው። በአገሩ ባህል የተሞረዱት ጥርሶቹ እንደ መደብ ምልክት ተቆጠሩ። የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ተቆጥተው በመጮሃቸው በዚያው ወር ከዚያ ወጣ። አገሩ መመለስ ግን አልሆነለትም፤ በ1916 ራሱን በጥይት ገደለ። ማቆያውን የሚያስተዳድረው ድርጅት ይቅርታ የጠየቀው በ2020 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ!

ይህን ስናነብ ደማችን ይፈላል። ይፍላ፤ ተገቢ ነው። ግን እስቲ አገር ቤት ያለውን አፋችንንም እናዳምጠው። ከእኛ ጠቆር ያለውን ዜጋችንን በምን ስም ስንጠራው ኖርን? በፖለቲካ የተለየንን ሰውስ ስንት ጊዜ በአውሬ ስም ጠራነው? የእኛ ቋንቋ ለዚህ ነገር ድሃ አይደለም።

አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ይህን ሐሳብ ሳጫውተው ተቃወመኝ። «አንተ የምትለው አደገኛ ነው» አለኝ። «ሰውን ከእንስሳ የሚለየው ግንብ ከፈረሰ ሰው ይረክሳል። ሰው አንድ ዓይነት ዝንጀሮ ነው ካልክ፣ እንደ ዝንጀሮ ቢገደል ምን ትላለህ?» ቀላል ክርክር አይደለም። ሌሊቱን አሰብኩበት።

መጀመሪያ፣ ግንቡ መቼ ቆሞ ያውቃል? ሰው መሣሪያ የሚሠራ ፍጡር ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1960 ጄን ጉዶል ታንዛኒያ ውስጥ ቺምፓንዚ ቀንበጥ ቅጠሉን አራግፎ ምስጥ ሲያወጣበት አየች፤ ያ ግንብ ወደቀ። ለሰው ብቻውን አንድ ቤተሰብ ተሰጥቶት ጎሪላና ቺምፓንዚ ሌላ ቤተሰብ ተብለው ነበር። በዘረ መል ሲታይ ግን ቺምፓንዚ ለጎሪላ ካለው ዝምድና ይልቅ ለእኛ ያለው ይበልጣል። የቺምፓንዚ ሙሉ ዘረ መል በ2005 ታትሞ ከእኛ ጋር ሲነጻጸር ፊደል በፊደል ያለው ልዩነት አንድ በመቶ ገደማ ሆነ። ስለዚህ የቤተሰቡ አጥር ተነቅሎ ሁላችንም በአንድ ጊቢ ገባን። ተፈጥሮ ለመስመር ብዙም ግድ የላትም። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሳይንስ ሁለት ዝርያ የሚላቸው ዝንጀሮዎች፣ ብርማ ጎፈር ያለው የቆላው ዝንጀሮና ወይራማ ቀለም ያለው ዝንጀሮ፣ ክልላቸው በሚገናኝበት ቦታ ይጋባሉ፤ የልጅ ልጅም ያያሉ። ተመራማሪዎች ለብዙ አሠርት ዓመታት ሲከታተሏቸው ኖረዋል። ዝንጀሮዎቹ የት ቦታ ላይ ከአንዱ መደብ ወጥተው ወደ ሌላው እንደሚገቡ አልተነገራቸውም።

እንግዲህ የሰውን ክብር እንዲህ በሚንቀሳቀስ ግንብ ላይ ብንሰቅለው፣ ግንቡ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ክብሩ ይወድቃል። መጀመሪያ የሚወድቅበት ደግሞ ግንቡ ሥር የተቀመጠው ሰው ነው፤ ጥርሱ የተሞረደው፣ ደረቱ የተቃጠለው፣ መናገር የማይችለው፣ አእምሮው የታመመው። «ሰው ማለት እንዲህ ያለው ነው» ያልን ዕለት «እንዲህ ያልሆነው» ተራውን መጠበቅ ይጀምራል።

ሁለተኛ፣ ገዳይ የሳይንስን ፈቃድ ጠብቆ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1994 ሩዋንዳ ውስጥ ጎረቤቶቻቸውን የጨፈጨፉ ሰዎች ከሬዲዮ ይሰሙት የነበረው «በረሮ» የሚለውን ቃል ነው። ሰውና በረሮ ዘመድ ናቸው ብሎ ያስተማራቸው አልነበረም። እንዲያውም ገዳይ የሚፈልገው ግንብ ነው፤ እሱ ከወዲህ፣ ሟች ከወዲያ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ያሉባቸውን ወደ ስልሳ የሚጠጉ እስረኞች ያለ ፍርድ ረሸነ። በማግስቱ፣ ኅዳር 15 ቀን፣ አፋር ውስጥ ሐዳር በሚባል ቦታ ዶናልድ ጆሃንሰንና ባልደረባው የድንቅነሽን አጥንት አገኙ። ሦስት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ አንጎሏ ግን ከቺምፓንዚ እምብዛም የማይበልጥ። ሁለቱ ነገሮች አንዱ የሌላው ምክንያት አይደሉም፤ ቀናቸው ገጠመ እንጂ። ሆኖም ቀኑን ሳስበው እንዲህ እላለሁ። በአንዲት አገር፣ በአንድ ቀን ልዩነት፣ «ከሰው በታች» የምንላትን ፍጡር አጥንት በብሩሽ ጠርገን በክብር አነሳን፤ ሙሉ ሰው የሆኑትን ግን በአንድ ጉድጓድ ቀበርን። አጥንቷ ለሳይንስ ብዙ ነገረን። ከእነዚያ ሰዎች ጋር ምን ማድረግ እንደነበረብን ግን የትኛውም አጥንት አይነግረንም። እሱን የምንወስነው እኛ ነን።

ለባልደረባዬ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነው። የሰው ክብር በአካል ላይ ተፈልጎ የሚገኝ ምልክት አይደለም። አማኙ ሰው በእግዚአብሔር አምሳል ተፈጠረ ሲል አምሳሉን በአፍንጫ ቀዳዳ ወይም በጥርስ ቁጥር አይፈልገውም። ሳይንቲስቱም በአፍንጫና በጥርስ ሲመድበን ስለ ዋጋችን አንዲት ቃል አልተናገረም። ሁለቱ እዚህ ላይ አይጣሉም። ክብር አንዳችን ለሌላችን የምንገባው ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ በየቀኑ ይጠበቃል ወይም በየቀኑ ይፈርሳል። ስም መጥራት አንዱ የመጠበቂያው መንገድ ነው። «ዝንጀሮ» መባል የሚያመውም ዝንጀሮ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ጠሪው «ቃሌ አንተን አይመለከትም» ስላለን ነው። ባልደረባዬ «ይህ ቃል በጣም ቀጭን ገመድ ነው» አለኝ። ልክ ነው፤ ቀጭን ነው። ከዚህ የወፈረ አላገኘሁም።

ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። የሟቹ አርባ ሲወጣ ሄድኩና ሰውየው አጠገብ ተቀመጥኩ። ስንትና ስንት ዓመት ለተማሪ ፊት የተናገርኩ ሰው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ማውጣት አቃተኝ። በመጨረሻ «ያንን ስም ያወጣሁብህ እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «አጠገቤ ነበርክ እኮ።»

«ይቅርታ አድርግልኝ።»

ጠላውን ጎንጨት አለና ትንሽ ቆየ። «እኔ ለምጄዋለሁ» አለ። «አንድ ጊዜ ግን ልጄ ትንሽ ሳለች እዚህ ሰፈር ይዣት መጥቼ፣ አንዱ ሲጠራኝ ሰማች። ማታ ‹አባዬ፣ ጭላዳ ምንድን ነው?› አለችኝ። እንስሳ ነው አልኳት። ‹ለምን አንተን በሱ ይጠሩሃል?› አለችኝ። ደረቴን አሳይቻት አላውቅም ነበር። ያን ቀን አሳየኋት።» ከዚያ ወሬ ቀየረ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለም፤ አልልህም አላለም። እኔም አልጎተጎትኩትም። ይቅርታ ጠያቂ ለመልሱ ቀነ ገደብ አይሰጥም።

የጭላዳውን ደረት አስመልክቶ ያነበብኩትን ልነግረው አስቤ ነበር፤ የመሪ ምልክት ነው፣ ቀይ ነው፣ ክብር ነው ልለው። ተውኩት። የእሱ ጠባሳ የመሪ ምልክት አይደለም፤ ሕፃን ሳለ የተቃጠለበት ቦታ ነው።

ስልኩን ግን ተቀበልኩት። ለፋሲካ «እንኳን አደረሰህ» ልለው ደወልኩ። ሲያነሳ በእናትና አባቱ በወጣለት ስም ጠራሁት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያም ለማያውቁት ሰው በሚሰጥ፣ በተጠነቀቀ ድምፅ «ማን ልበል?» አለኝ።